ጉዳያችሁ የማን ነው? ከቀበሌ እስከ ክልል ሳትንከራተቱ ለመድረስ

አምና የቤት ኪራይ ሲያስመርረኝ ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው ተዛወርኩ። ዕቃዬን አራግፌ ሳልጨርስ መታወቂያ ልቀይር ብዬ ጠዋት 2 ሰዓት አዲሱ ወረዳ ደጅ ላይ ተገኘሁ። ወረፋው የደረሰኝ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ ቀና እንኳ ሳትል «መሸኛ» አለችኝ። የምን መሸኛ አልኳት። «ከነበርክበት ወረዳ ነዋ። ፋይልህ እኛ ጋ የለም፣ ምን ብዬ ልስጥህ?»

እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። ክፍለ ከተማ ሄጄ አቤት አልኩ። «ይሄ የወረዳ ጉዳይ ነው» ብለው መለሱኝ። ወረዳ ተመለስኩ። «ነግረንህ የለ» ተባልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ደረጃ ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ ከግማሽ በላይ የኔው ነው። ቢሮው የት እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኩም።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። አገር ስትተዳደር እንዴት ተሸንሽና እንደምትተዳደር አንዴ ከገባችሁ ግማሹ መንከራተት ይቀራል። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ሁለት ነገር ብቻ ለራሳችሁ መልሱ። አንደኛ፣ ይህን ጉዳይ የመወሰን ሥልጣን ያለው የትኛው እርከን ነው? ሁለተኛ፣ እኔ በወረቀት ላይ የማን ነዋሪ ነኝ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የነዚህ የሁለቱ ማብራሪያ ነው።

መሰላሉ

ከላይ የፌዴራል መንግሥቱ፣ ከሥሩ ክልል፣ ከክልል ሥር ዞን፣ ከዞን ሥር ወረዳ፣ ከወረዳ ሥር ቀበሌ። ትምህርት ቤት የሸመደድነው ይህን ነው። ቁጥሩ ግን ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ አርጅቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎችን ነው የሚዘረዝረው። ዛሬ 12 ደርሰዋል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ ከደቡብ ወጣ። በ2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተከተለ። በ2015 መጨረሻ ላይ የቀረው ደቡብ ራሱ ለሁለት ተከፍሎ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆነ። እና ዛሬ «ደቡብ ክልል» የሚባል የለም። ጉዳዬ ክልል ነው ብሎ ሐዋሳ የሚወርድ የወላይታ ወይም የሀዲያ ሰው የሚያገኘው የሲዳማን ክልል ነው።

ከክልሎቹ ሌላ አዲስ አበባና ድሬዳዋ አሉ። ሁለቱም ከተማ ሆነው ለፌዴራል መንግሥቱ ተጠሪ ናቸው።

አንድ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። ዞን፣ ወረዳና ቀበሌ በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አልተዘረዘሩም። አንቀጽ 50 ላይ ክልሎች አስፈላጊ ሆኖ ያገኙትን የአስተዳደር እርከን እንዲያዋቅሩ፣ ለዝቅተኛው እርከንም ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ በቂ ሥልጣን እንዲሰጡ ነው የሚለው። ዝርዝሩን የሚወስነው እያንዳንዱ ክልል በራሱ ሕገ መንግሥትና ሕግ ነው። ለዚህ ነው መሰላሉ ከቦታ ቦታ የሚለያየው። ሐረሪ ክልል ዞን የለውም፤ ለሱ የሚበቃ ስፋትም የለው። ትግራይ ውስጥ ቀበሌ የምንለው «ጣቢያ» ይባላል፣ ከሥሩም «ቁሸት» አለ። ኦሮሚያ ውስጥ ዞኑ «ጎዲና»፣ ወረዳው «አና»፣ ቀበሌው «ገንዳ» ነው። ደብዳቤ ላይ ገንዳ የሚል ስታዩ የከብት ማጠጫ እንዳይመስላችሁ። አማራ ክልል ብትሄዱ ደግሞ ከቀበሌ ሥር ጎጥ አለ።

ስለዚህ አዲስ አበባ የለመዳችሁትን ይዛችሁ ክልል አትሂዱ። ከክልል የለመዳችሁትንም ይዛችሁ አዲስ አበባ አትምጡ።

አዲስ አበባ ላይ ቀበሌ የለም

አዎ፣ የለም። ሁላችንም ግን «ቀበሌ ሄጄ መጣሁ» እንላለን፣ «የቀበሌ ቤት» እንላለን፣ «የቀበሌ መታወቂያ» እንላለን። ድሮ ከፍተኛ የሚባል እርከን፣ ከሥሩም ቀበሌ ነበር። አድራሻ ሲጠየቅ «ከፍተኛ 7 ቀበሌ 12» ዓይነት ነገር ነበር የሚባለው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተማዋ በአሥር ክፍለ ከተማና በ99 ቀበሌ ተዋቀረች። ቆይቶ ቀበሌዎቹ ተቀላቅለውና ተከፋፍለው ወረዳ ተባሉ፣ መጀመሪያ ላይ 116 ነበሩ። በኋላ ለሚ ኩራ ሲጨመር ክፍለ ከተማው 11 ሆነ። እንግዲህ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ያለው መሰላል ሦስት ደረጃ ብቻ ነው፦ ከተማው፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳው።

ቃሉ ግን አልሞተም። ቀበሌ የሚባለው ነገር የተተከለው በ1967 ነው። በየካቲት ወር የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፣ ገበሬው በግምት 20 ጋሻ በሆነ መሬት ላይ በገበሬ ማኅበር እንዲደራጅ አደረገ። በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ መጣና ከተሜው በቀበሌ ማኅበር ተደራጀ። የተወረሱት አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። የቀበሌ ቤት የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ሃምሳ ዓመት በአፍ የኖረ ቃል በቢሮ ታፔላ አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ወረዳ የሚለውን ቃል ነው። የክልል ወረዳ ትልቅ ነገር ነው። የራሱ ምክር ቤት፣ የራሱ በጀት፣ የራሱ ፍርድ ቤት አለው፤ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ይዞ በደርዘን የሚቆጠሩ ቀበሌዎችን ያስተዳድራል። የአዲስ አበባ ወረዳ በእግር ሩብ ሰዓት የምትዞሩት ሰፈር ሊሆን ይችላል። ለተራ ነዋሪ ጉዳይ የሚሠራው ሥራ ወደ ክልሉ ቀበሌ ይጠጋል። ከደሴ ዙሪያ የመጣ ዘመድ «ወረዳው ይወስን» ሲልና የጉለሌ ልጅ «ወረዳው ይወስን» ሲል የሚያወሩት ስለ ሁለት የተለያየ ነገር ነው።

ሌላ ወጥመድ ደግሞ አለ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ወይም ገላን ትኖራላችሁ እንበል። ሥራችሁ ቦሌ ነው፣ ልጃችሁ አራዳ ይማራል፣ ታክሲው ሃያ ደቂቃ ነው። በወረቀት ግን የኦሮሚያ ክልል ነዋሪ ናችሁ። እነዚህ ከተሞች ከ2015 ጀምሮ ሸገር ከተማ በሚል አንድ አስተዳደር ሥር ገብተዋል፤ ሸገርም የራሱ ክፍለ ከተሞችና ወረዳዎች አሉት። መታወቂያችሁ፣ የንግድ ፈቃዳችሁ፣ የቤታችሁ ካርታ ሁሉ እዚያ ነው የሚያልቀው። የሥራ ቋንቋውም አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ማመልከቻውን የሚጽፍላችሁ ሰው ቀድማችሁ ፈልጉ። አዲስ አበባ ወረዳ ሄዳችሁ ብትለምኑ «እናንተ የኛ አይደላችሁም» የሚለው መልስ ትክክል ነው፣ ብትናደዱም።

ታፔላውን አንብቡ

ይህን ማንም አይነግራችሁም እንጂ በጣም ይጠቅማል። የመሥሪያ ቤቱ ስም ራሱ እርከኑን ይናገራል። በብዙ ክልል ወረዳ ላይ ያለው «ጽሕፈት ቤት» ነው፣ ዞን ላይ ያለው «መምሪያ» ነው፣ ክልል ላይ ያለው «ቢሮ» ነው፣ ፌዴራል ላይ ያለው «ሚኒስቴር» ነው። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ የዞን ትምህርት መምሪያ፣ የክልል ትምህርት ቢሮ፣ ትምህርት ሚኒስቴር። በጤናም፣ በግብርናም፣ በገንዘብም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዞን ስለሌለ መምሪያው ይቀራል፣ ክፍለ ከተማውም ጽሕፈት ቤት ይባላል።

እንግዲህ አንድ ሰው «መምሪያው ነው የከለከለኝ» ካላችሁ ጉዳዩ ዞን ደርሷል ማለት ነው፣ ቀጥሎ ያለው ቢሮ ነው። ደብዳቤ ሲደርሳችሁም መጀመሪያ ራስጌውን እዩ። ማን እንደጻፈው ካወቃችሁ ማን ሊሽረው እንደሚችል ታውቃላችሁ።

ማን ምን ይሠራል

*ቀበሌ።* ከሁሉም በላይ እዚህ ላይ ጊዜ ልውሰድ፣ ምክንያቱም ብዙው ነገር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቀበሌ ብዙ አይወስንም። ግን ያውቃችኋል። የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ የት እንደምትኖሩ፣ አባታችሁ መሬቱን ከማን ጋር እንደሚያዋስን፣ አክስታችሁ መቼ እንዳረፉ የሚመሰክረው እሱ ነው። ላይ ያለው ቢሮ ሁሉ «ከቀበሌ አጽፋችሁ ኑ» የሚለው ለዚህ ነው። መታወቂያ፣ የነዋሪነት ማረጋገጫ፣ የልደትና የሞት ምዝገባ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ከዚህ ይወጣል። ገጠር ላይ የመሬት ኮሚቴውም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹም፣ የግብርና ባለሙያዎቹም እዚሁ ናቸው። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ባለበት ቦታ ደግሞ አነስተኛ የገንዘብ ክርክርና የድንበር ጭቅጭቅ እዚያ ይታያል፣ ጠበቃ ሳትቀጥሩ።

የገጠር ቀበሌ ስትሄዱ ሊቀመንበሩንና ሥራ አስኪያጁን ለዩ። ሊቀመንበሩ አብዛኛውን ጊዜ እንደናንተው አርሶ የሚበላ ሰው ነው፤ ማሳ ላይ ሊሆን ይችላል፣ ልቅሶ ሊሆን ይችላል። ሥራ አስኪያጁ ደሞዝተኛ ነው፣ ቢሮ የመገኘት ግዴታ አለበት። ወረቀት ከሆነ ጉዳያችሁ ሥራ አስኪያጁን ያዙ። ሽምግልና ወይም ክርክር ከሆነ ሊቀመንበሩን። ከመሄዳችሁ በፊት ደግሞ አንድ ጥያቄ በስልክ ጠይቁ፦ ማኅተሙ ዛሬ ማን ጋ ነው?

እየቀለድኩ አይደለም። ሁለት ሰዓት በእግር ሄጄ ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተሙ በአንድ ሰው ኪስ ገብቶ ሠርግ ቤት ስለነበር ድጋሚ የተመለስኩበት ቀን አለ። የገበያ ቀንም አስቡበት። በአንዳንድ ቦታ ሰዉ ሁሉ ከተማ ስለሚወርድ ቀበሌው ዝግ ነው። በሌላው ቦታ ደግሞ ሁሉም የሚገናኘው በገበያ ቀን ስለሆነ ጉዳይ የሚያልቀው ያን ቀን ብቻ ነው። የአካባቢውን ሰው ጠይቁ።

*ወረዳ።* የክልሉን ወረዳ ማለቴ ነው። ውሳኔ የሚሰጠው በአብዛኛው እዚህ ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ ክልሎች ለወረዳ ጥቅል በጀት ይሰጣሉ፤ የመምህሩ፣ የነርሱ፣ የግብርና ባለሙያው ደሞዝ ከዚያ ይወጣል። በጀቱ አብዛኛው በደሞዝ ስለሚያልቅ መንገድ ወይም ድልድይ ስትጠይቁ «ገንዘብ የለም» የሚለው መልስ ብዙ ጊዜ ውሸት አይደለም። ትምህርት ቤቱ መምህር ጎደለው? ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። የውሃ ቦኖው ተበላሸ? ወረዳ ውሃ ጽሕፈት ቤት። የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ስም ተሳሳተ? ቀበሌው ይመሰክራል፣ ወረዳ መሬት ጽሕፈት ቤት ያርማል። ከቀበሌው ጋር ተጣልታችሁ ከሆነም የምትሄዱት እዚህ ነው።

ጉዳዩ ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ወረዳውን ትታችሁ የከተማ አስተዳደሩን ያዙ። ብዙ ከተማ ከዙሪያው ወረዳ ተለይቶ የራሱ ከንቲባና ማዘጋጃ ቤት አለው። ወረዳውና ከተማው አንድ ስም ሲጋሩ ሰው ይምታታል። የቦታ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ፣ ቆሻሻና የውስጥ መንገድ የማዘጋጃ ነገር ነው። እንደ ሐዋሳና ባሕር ዳር ያሉት ትልልቆቹማ የራሳቸው ክፍለ ከተማ አላቸው።

*ዞን።* ቶሎ ልለፈው። ዞን ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የክልሉ እጅ ብቻ ነው፤ አስተዳዳሪው ከላይ ይሾማል፣ ሥራው ወረዳዎችን መከታተልና ማስተባበር ነው። ሌላው የራሱ ምክር ቤት ያለው ነው። አማራ ክልል ውስጥ አዊ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን እንዲህ ናቸው፣ በቀድሞው ደቡብ ያሉትም ዞኖች እንደዚሁ። ለናንተ ልዩነቱ ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ዓይነት ዞን ላይ ቅሬታ እንጂ የምትጮኹበት ምክር ቤት አታገኙም። አንዳንዴ ደግሞ ዞኑ ራሱ የለም። ልዩ ወረዳ የሚባለው፣ ለምሳሌ አማራ ክልል ያለው የአርጎባ ልዩ ወረዳ፣ ዞንን ዘሎ በቀጥታ ለክልል ተጠሪ ነው።

*ክልል።* ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያከፋፍላል፣ የመጨረሻውን አስተዳደራዊ ቅሬታ ይሰማል። እዚህ ላይ አንድ ምክር። ከሲዳማ በቀር አዲሶቹ ክልሎች ቢሮዎቻቸውን በአንድ ከተማ አልሰበሰቡም፣ በየከተማው በታትነዋቸዋል። ደቡብ ኢትዮጵያ ወላይታ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ካራትና ሳውላ ላይ ነው የተዘረጋው። ደቡብ ምዕራብ ደግሞ ቦንጋ፣ ሚዛን አማን፣ ተርጫና ቴፒ ላይ። ርዕሰ መስተዳድሩ ያሉበት ከተማ የምትፈልጉት ቢሮ ላይኖር ይችላል። ለፍትሐዊነቱ ጥሩ ነው ይባላል፣ ለተጓዡ ግን አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት «የኛ ቢሮ የት ከተማ ነው?» ብሎ መደወል ግድ ነው። ከዲላ ጂንካ እንደ ቀልድ የሚኬድ መንገድ አይደለም።

*ፌዴራል።* ፓስፖርት፣ ጉምሩክ፣ የፋይዳ መታወቂያ፣ ዜግነት። የቀበሌው ሊቀመንበር አጎታችሁ ቢሆን እዚህ ምንም አያደርግላችሁም። ግን ልብ በሉ፣ ፓስፖርት ስታወጡ የሚጠየቀው የልደት ማስረጃና መታወቂያ የሚመጣው ከታች ነው። ወረቀት ከሥር ወደ ላይ ነው የሚወጣው። ከታች ስማችሁ ላይ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ላይ ያለው ሰው አያርመውም፣ ወደ ታች ይመልሳችኋል።

አንድ ጉዳይ ከነመንገዱ፦ የልጅ ልደት

በ2004 የወጣው አዋጅ ወሳኝ ኩነቶችን ማለትም ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞትን ማስመዝገብ ግዴታ አድርጓል፣ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ልደት በ90 ቀን፣ ሌሎቹ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለባቸው።

እንበል አዳማ ትኖራላችሁ፣ ሚስት ለወሊድ እናቷ ጋ ደብረ ብርሃን ሄዳ እዚያ ሆስፒታል ወለደች። ስንቱ ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ልመዝግብ ብሎ ተመልሷል መሰላችሁ። ሆስፒታሉ የሚሰጠው መውለዷን የሚያሳውቅ ወረቀት ነው። የልደት የምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው በመደበኛነት የምትኖሩበት ቀበሌ ነው፣ እዚህ ላይ የአዳማው። ስለዚህ የሆስፒታሉን ወረቀት እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ፣ የሁለታችሁንም መታወቂያ ይዛችሁ አዳማ ላይ ተመዝገቡ። እናትየው አራስ ናት ብላችሁ ስትጠብቁ 90 ቀኑ እንዳያልፍ። ካለፈ ይመዘገባል፤ ግን ማስረጃ ይበዛል፣ ምልልስ ይበዛል።

የሕፃኑን ስም ስታጽፉ መዝጋቢው ጎን ቁሙ። ኃይሌን ሀይሌ፣ ፀሐይን ጸሀይ ማለት ለኛ ምንም አይደለም። በላቲን ፊደል ሲገለበጥ ግን የአባትየው ፓስፖርት ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ ልጁ ከ18 ዓመት በኋላ ይረግማችኋል።

አሮጌ አድራሻ ያለው ወረቀት

ይህ በተለይ ውጭ አገር ላላችሁ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ተቀምጣችሁ የወላጅ ውርስ ወይም የልደት ማስረጃ ስትፈልጉ እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት «ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ» ይላል። ዛሬ ክፍለ ሀገርም፣ ከሱ ሥር የነበረው አውራጃም የለም። ታዲያ የት ይኬዳል?

የቡታጅራን ጉዞ ተከተሉ። በንጉሡ ጊዜ ሸዋ ጠቅላይ ግዛት ነበረች። ደርግ ጠቅላይ ግዛትን ክፍለ ሀገር አለው። በሽግግሩ ዘመን ክልሎች በቁጥር ተጠሩ፤ ከ7 እስከ 11 ያሉት ተቀላቅለው ደቡብ ክልል ሆኑ፣ ቡታጅራም ጉራጌ ዞን ገባች። ከ2015 ወዲህ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል፣ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ናት። ከተማዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። አድራሻዋ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ አራትና አምስት ጊዜ ተቀየረ።

ስለዚህ ከላይ ያለውን ስም እርሱት፣ ከታች ያለውን ያዙ። ክፍለ ሀገርና አውራጃ ይቀያየራል፤ የከተማው፣ የመንደሩ፣ የደብሩ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ ይቆያል። «የአባቴ አገር ተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ነው» ከማለት ይልቅ የቅርቡን ከተማና ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ንገሯቸው። እዚያ አካባቢ ያለ አንድ ዘመድ «ይህ መንደር ዛሬ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ቀበሌ ነው?» ብሎ ይጠይቅላችሁ። ከዚያ በኋላ ውክልናችሁን ኤምባሲ አረጋግጣችሁ ስትልኩ የአሁኑን ስም ጻፉ፣ የድሮውንም «ቀድሞ ይባል የነበረው» ብላችሁ ጎኑ አስቀምጡ። አሮጌው ስም ብቻ ከተጻፈ ታች ያለው ወጣት ሠራተኛ አውራጃ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እውነት ነው፣ ገጥሞኛል።

አንሰማችሁም ሲሉ

መጀመሪያ ደረጃ አትዝለሉ። ዘመድ አለኝ ብሎ ቀበሌው የከለከለውን ይዞ በቀጥታ ክልል የሚሄድ ሰው የሚያገኘው «ለወረዳው አስተዳደር፤ ታይቶ ምላሽ እንዲሰጥበት» የሚል ምሪት ነው። አንድ ሳምንት ባከነ። ከከለከላችሁ አንድ እርከን ብቻ ከፍ በሉ።

ሁለተኛ፣ በቃል አትነጋገሩ። ማመልከቻ ጻፉ፣ «ጉዳዩ» ከሚለው ሥር አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፣ ሁለት ጉዳይ በአንድ ወረቀት አታጭቁ። ግልባጭ ለቅርብ የበላይ አድርጉ። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ ቁጥርና ቀን በናንተ ኮፒ ላይ አስጽፉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሱ «ምን ደረሰልኝ?» ካላችሁ ማንም አያስታውሳችሁም። «ቁጥሩ ይህ ነው፣ የገባው በዚህ ቀን ነው» ካላችሁ ግን መዝገብ ይገለጣል።

ሦስተኛ፣ ከከለከሏችሁ ክልከላውን በጽሑፍ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ይህን ስትሉ ብቻ ነገሩ እንደገና ይታያል፣ ለምን እንደሆነ ለናንተ ልተወው። በየእርከኑ ቅሬታ ሰሚ አለ። ወረዳም ዞንም ክልልም ካሰለቻችሁ የኢትዮጵያ እንባ ጠባቂ ተቋም የአስተዳደር በደልን ለማየት የተቋቋመ ነው፣ አገልግሎቱም ነፃ ነው። እሱም ግን ታች ያለውን መንገድ መጨረሳችሁን ይጠይቃል፣ ያቺ መዝገብ ቤት የሰጠቻችሁ ቁጥር ያኔ ወርቅ ናት።

የምክር ቤት አባላችሁስ? በወረቀት ላይ ወረዳም ቀበሌም የተመረጠ ምክር ቤት አለው። ግን የአካባቢ ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ነው፤ በ2010 ይደረግ የነበረው ተራዘመ፣ በ2013 የተመረጡት ደግሞ የተወካዮችና የክልል ምክር ቤቶች እንዲሁም የአዲስ አበባ ምክር ቤት ናቸው። ያኔ የመረጣችሁት የቀበሌ ተወካይ ዛሬ የት እንዳለ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? እኔ አላውቅም። በኔ ግምት ታች ያለው ሠራተኛ ከታች ካለው ነዋሪ ይልቅ ከላይ ያለውን አለቃ የሚፈራበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሆኖም አባሉን ካገኛችሁት ተጠቀሙበት። ደብዳቤ ባይጽፍ እንኳ በር ያስከፍታል።

የኔ መሸኛ ነገር እንዴት አለቀ መሰላችሁ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የድሮ ወረዳዬ ሄድኩ። ሠራተኛው ስሜን ጠይቆ መደርደሪያውን ፈለገ፣ ፈለገ፣ አጣ። ደሜ ፈላ። ከኋላዬ የተሰለፉ አንዲት እናት «ልጄ፣ በስምህ እኮ አይገኝም፣ የቤት ቁጥርህን ንገረው» አሉኝ። ማኅደሩ የሚደረደረው በቤት ቁጥር ነው። እኔ ደግሞ ተከራይ ነኝ፣ ያለሁት በአከራዬ ቤት ቁጥር ሥር ነው፣ ቁጥሩንም አላውቀውም። ደወልኩላቸው፣ እሳቸውም በሩ ላይ ወጥተው አነበቡልኝ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ቤት ስትለቁ በሩ ላይ ያለችውን ቁጥር ፎቶ አንሱ።